ፈዲላ የጋበዘቻቸው

ይህ በእውነት የሆነ ነገር ነው። ፈዲላ ጎረቤቴ ናት፤ ከራሷ አፍ ነው የሰማሁት።

ባለፈው ጥር፣ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ። ውጭ በረዶው በፀሐይ ያብረቀርቃል። የሚያስፈራው ጨለማ ብቻ ነው ያላችሁ ማን ነው?

ፈዲላ ሚስስ ኮንስታንስ የሚባሉ አሮጊት ቤታቸው እየሄደች ትንከባከባለች። ታጥባቸዋለች፣ ታለብሳቸዋለች። ሴትዮዋ የአየርላንድ ባላባት ዘር ናቸው። ምላሳቸው ምላጭ ነው።

እሷ ግን ሁሉን ችላ ትሠራለች። ከከተማው አጠገብ ሮዝቪል በሚገኘው ቤቷ፣ ሀሲባ የምትባል ልጅ አለቻት። ያለ ጊዜዋ የተወለደች፣ ዓመት ሊሞላት ሲል እንኳ ምግብ የማትቀምስ ልጅ። ሐኪሟ «ክብደት ካልጨመረች ያሰጋታል» ብሏል። የፈዲላ ሐሳብ ሁሉ እዚያች ልጅ አፍ ላይ ነው።

በአሮጊቷ መመገቢያ ክፍል ውስጥ አንድ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል። ገጠር ያለ ሰፊ የድንጋይ ቤት... ከፊቱ የተዘጋ የብረት በር... ከበሩ ውጭ ደግሞ አጥንታቸው የወጣ ሰዎች።

«እነማን ናቸው?» ብላ ጠይቃቸው ነበር አንድ ቀን።

«ጭሰኞቻችን። በረሃቡ ዘመን ቅድመ አያቴ ገበታውን መስኮቱ ሥር አስደረገ። መጋረጃው እንዲገለጥ አዘዘ። ስንበላ እንዲያዩን።»

ይህን ብለው ሳቁ።

ፈዲላ ምሳዋን የምትበላው ሁልጊዜ ኩሽና ውስጥ፣ ብቻዋን ነበር። የዚያን ቀን ግን...

«ዛሬ እዚህ ተቀመጪ» አሏት።

ከሥዕሉ ፊት ለፊት ወንበር ተስቦላታል።

ማን ሳበው? አሮጊቷ ከተሽከርካሪ ወንበራቸው አይነሱም።

እሷ እቴ፣ የዋህ! አከበሩኝ ብላ ደስ አላት። ምሳ ዕቃዋን ከፈተች። እጇን ስትሰድ፣ ቢስሚላህ ሳትል፣ ከልጅነቷ የለመደችው ቃል ቀደማት።

«እንብላ።»

ሰው ፊት ዝም ብሎ መብላትን ባደገችበት ደሴ ማን አስተምሯት?

አሮጊቷ ጎንበስ አሉ።

«ምን ማለት ነው?»

«አብረን እንብላ ማለት ነው። ይቅመሱልኝ።»

«እኔን ብቻ ነው የጋበዝሽው?»

«ኧረ... እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ይጋበዛል።»

ፈገግ አሉ።

«ቃሉን አውቃለሁ» አሉ በሹክሹክታ፣ ሥዕሉን እያዩ። «ከአንቺ በፊት የነበረችው ያገርሽ ልጅ ነግራኛለች። የኛ ቤተሰብ እነሱን ጋብዞ አያውቅም። ስለዚህ እኛን ሲከተሉ ኖሩ። አሁን ግን ጋባዥ አገኙ።»

ፈዲላ ቀና አለች።

ሥዕሉ ላይ የብረቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከበሩ ውጭ አንድም ሰው የለም።

ምሳ ዕቃዋን አየች... ተልሷል።

«ምን... ምን አደረጉኝ?»

«ሂጂ ወደ ቤትሽ» አሉ አሮጊቷ። «ዕድሜዬን ሙሉ ጠግቤ አላውቅም። ዛሬ እራቴን በሰላም ልብላ።»

ሮዝቪል ድረስ እንዴት ድራይቭ እንዳደረገች አታውቅም። የኋላውን ወንበር በመስታወት ለማየት አልደፈረችም።

ባሏ ዙሀይር በሩን ከፈተላት። ፊቱ በደስታ በርቷል።

«ቀስ በይ... እንዳትረብሺያት። ልጅሽ እየበላች ነው!»

«ማን? ሀሲባ?»

«በራሷ እጅ! ከሰባት ሰዓት ጀምሮ አላቆመችም። ላመጣላት ዞር ባልኩ ቁጥር ሳህኑን ባዶ ነው የማገኘው። አልሐምዱሊላህ በይ እንጂ!»

ሊጨምርላት ወደ ኩሽና ሮጠ።

ፈዲላ ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም። የሀሲባ ከንፈር ደርቋል። ጉንጯ ከጠዋቱ ይልቅ ጎድጉዷል።

ልጅቷ ቁራሽ አነሳች። ወደ አፏ አላስጠጋችውም። ማንም ወደሌለበት ወደ ግድግዳው ዘረጋችው።

ቁራሹ ከጣቶቿ መሀል ጠፋ።

ሀሲባ ሳቀችና የመጨረሻውን አነሳች። ይህኛውን ግን ዝቅ አድርጋ፣ ወለሉ ላይ እንደ እሷ ገና የሚድህ ልጅ ያለ ይመስል፣ ወደ ታች ዘረጋችው።