በቀጥታ ለእኔ ደውሉ

የደግ ሰው ጥፋት ለመናገር ያስቸግራል። ክፉውን መውቀስ ቀላል ነው፤ ደጉን ግን ምን ብለው ይጀምሩታል? ይሁን እንጂ የድንገተኛ ጥሪ ማዕከሉ ኃላፊ ራሱ «ይነገርልኝ፣ ሌላውም ይማርበት» ስላለ እንናገረዋለን።

ሰፈሩ «አለሁ» ይለዋል፤ የሰው ችግር ሲሰማ የመጀመሪያ ቃሉ «አለሁ» ስለሆነ ነው። የሚመራው ማዕከል አሥራ ሁለት ወንበሮች አሉት። በየወንበሩ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ያጠለቀ ጥሪ ተቀባይ ይቀመጣል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሰፊ ስክሪን እያንዳንዱ አምቡላንስ የት እንዳለ ያሳያል። የገባ ጥሪ አምስት ሴኮንድ ሳይሞላው ይነሳል። ይህን ሥርዓት ከባዶ ተነስቶ፣ ስንት ቢሮ ደጅ ጠንቶ ያቋቋመው እሱ ነው። ጉዱ ምንድን ነው ቢሉ፣ ለሕዝብ ሁሉ ያስተዋወቀውን ቁጥር ለገዛ ጎረቤቶቹ አይመክርም። «እዚያ በጥያቄ ያደርቋችኋል፤ በቀጥታ ለእኔ ደውሉ» እያለ የግል ስልኩን ያድላል። ጎረቤቱም ኮራ። አምቡላንስ የሚያዝ ሰው አጥር ለአጥር ያለው ስንቱ ነው?

የስምሪት ክፍሉ አስተባባሪ ግን ነገሩ አልጣማትም። መኪና የምትልከው እሷ ናትና ከኃላፊዋ ኪስ የሚመጣውን ጥሪ ታውቀዋለች። አንድ ቀን ጠጋ ብላ፣ «ጋሼ፣ እኛ ምሳ እንኳ በተራ ነው የምንበላው፣ ስልኩ ሰው እንዳያጣ። እርስዎ አንድ ነዎት። ይተኛሉ፣ ይታጠባሉ፣ ስብሰባ ይገባሉ» አለችው።

«ጎረቤቴን እንደ ማንም ሰው ደውል ልበለው? በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

«እንደ ማንም ሰው ቢደውል እንደ ማንም ሰው ይደረስለታል።»

ሳቅ ብሎ አለፋት። እውነቱን ለመናገር፣ መፈለጉ ደስ ይለው ነበር። በዚህ የማይታማ ካለ እሱ ይፍረድበት።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ አዳዲስ ጥሪ ተቀባዮችን ያሠለጥን ነበር። ሐሳብ እንዳይከፋፈል ሁሉም ስልኩን ድምፁን አጥፍቶ መሳቢያ ውስጥ እንዲያስቀምጥ አዘዘ፤ ለአርአያነትም የራሱን አስቀደመ። በዚያው ሰዓት የቅርብ ጎረቤቱ አናጢው፣ ግቢው ውስጥ በር እየላገ ሳለ መላጊያው ከእጁ ወደቀ። ሚስቱ ስትደርስ አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል፣ ንግግሩም ተሳስሯል። እሷም እንደ ተነገራት አለሁ ጋ ደወለች። አልተነሳም። ትራስ አደረገችለትና ደግማ ደወለች። የአለሁ መኪና ግቢው ውስጥ ቆማ እንደሆነ በአጥሩ አሻግራ አየች፤ የለችም። ደወለች፤ አሁንም ደወለች። እንዲህ እያለች ሠላሳ አምስት ደቂቃ አለፈ። ያኔ ልጃቸው ከውጭ ገባች፤ አባቷን ባየች ጊዜ ማንንም ሳትጠይቅ ወደ ማዕከሉ ደወለች። ስልኩ ወዲያው ተነሳ፤ በዘጠነኛው ደቂቃ አምቡላንሱ በር ላይ ቆመ።

አለሁ ሥልጠናውን ጨርሶ መሳቢያውን ሲከፍት አሥራ ሰባት ያልተነሱ ጥሪዎች ጠበቁት።

ሐኪሙ አልሸሸገም። ሕመሙ ደቂቃ የሚቆጠርበት ነበር፤ ቀደም ብሎ ደርሶ ቢሆን ኖሮ እጁ ሊተርፍ ይችል ነበር አለ። አናጢው ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እጁ ግን አልታዘዝ አለ። ለአናጢ ቀኝ እጅ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

አለሁ ወደ ሆስፒታሉ ሲሄድ እርግማኑን ሊቀበል ተዘጋጅቶ ነበር። ሚስትየዋ ግን ከመቀመጫዋ ተነስታ ወንበሯን ለቀቀችለት።

«ሥራ ላይ እያለህ አስቸገርኩህ ወንድሜ፤ ይቅር በለኝ» አለችው።

ይህ ከእርግማን ባሰበት። የማዕከሉን ቁጥር አታውቀው እንደሆነ በቀስታ ጠየቃት።

«አውቀዋለሁ እንጂ። ሁለቴ ጀምሬ ተውኩት። አንተን አልፌ ብደውል የምትቀየመን መስሎኝ።»

አለሁ እዚያው አለቀሰ። የእሱ ደግነት ይህችን ሴት በባሏ ሕይወትና በጎረቤቷ ቅሬታ መካከል አቁሟት ኖሯል።

አናጢው ከሆስፒታል በወጣ በሁለተኛው እሑድ፣ አለሁ ጎረቤቶቹን በአናጢው ግቢ ሰበሰበ። ጥፋቱን ሳይሸፋፍን ተናገረ። ከእንግዲህ ሰው ሲታመም ለእሱ የሚደውል እንዳይኖር፣ መጀመሪያ ወደ ማዕከሉ እንዲደውሉ ለመናቸው። አንድ ጡረተኛ መምህር ፊታቸውን አጨፍግገው፣ «ታዲያ አንተን ማወቃችን ምን ሊጠቅመን ነው?» አሉት።

ያኔ አናጢው ግድግዳውን ተደግፎ ከተቀመጠበት በግራ እጁ ስልኩን አወጣና ለሚስቱ ሰጣት። ምላሱ ገና አልተፈታም፤ ቃሉን አንድ በአንድ ነበር የሚያወጣው።

«አጥፊው ቁጥሩን። ለጨዋታ ከሆነ… በሩን እናንኳኳለን።»

ሚስቱ አጠፋችው። መምህሩም መነጽራቸውን አድርገው የራሳቸውን ስልክ መፈለግ ጀመሩ።

አንባቢ ሆይ፣ ባለሥልጣን ወዳጅ፣ ሐኪም ዘመድ፣ ሾፌር ጎረቤት ካለህ ደስ ይበልህ፤ አክብረውም። ሰው ሲወድቅብህ ግን ይሉኝታህን ትተህ፣ ለሁሉም የሚነሳውን ስልክ ደውል። አንተም የምትታወቅ ሰው ከሆንክ፣ ወዳጆችህ አንተን አልፈው እንዲደውሉ ዛሬውኑ ፍቀድላቸው።