አንድ መስመር የተሰረዘበት ቁጥር

ፕሮፌሰር ታይብ ግራይሪ ሞተው የተገኙት ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ መጻሕፍት በሚታፈኑበት ክፍል ውስጥ ነው። በቱኒስ አሮጌ ከተማ ያለው የዚህ ምርምር ቤት ሰዎች ክፍሉን በቀልድ «ሐማም»፣ የእንፋሎት መታጠቢያ፣ ይሉታል። ነቀዝ የገባባቸው ጥንታዊ ጽሑፎች ለሦስት ሳምንት ይቆለፉበታል። አየሩ ይወጣና በናይትሮጂን ይተካል፤ ነቀዙ ያልቃል፣ መጽሐፉ ይድናል። ሰው ከገባበት ግን ሁለት ጊዜ እንኳ ሳይተነፍስ ይወድቃል። ፕሮፌሰሩ ከመደርደሪያው ሥር በጎናቸው ተጋድመው ነበር፤ ፊታቸው ላይ ድንጋጤ እንኳ አልነበረም።

ኮሚሳር ዙበይዳ ማትሉቲ ክፍሉ ከተናፈሰ በኋላ ገብታ ጎንበስ ብላ አየቻቸው። ምንም አልተሰማትም። ባሏን ከቀበረች አራት ወር ሆኗት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሬሳም ይሁን ሰርግ ለእሷ አንድ ነው። ዓይኗ ግን አልደነዘዘም፤ እንዲያውም ልቧ ሥራ ስለፈታ ዓይኗ አብዝቶ ይሠራል።

ከብረት በሩ ውጪ በክር የተንጠለጠለ ካርድ አለ። በሩ ላይ የነበረው መለኪያ ከተበላሸ ሁለት ወር ሆኖታል፤ ስለዚህ በየቀኑ በእጅ መሣሪያ የተለካው የኦክስጅን መጠን እዚህ ካርድ ላይ በእርሳስ ይጻፋል። ዜሮ ማለት ክፍሉ ገዳይ ነው፤ ሃያ አንድ ማለት ተናፍሷል፣ ግባ። የሰኞው መስመር ሃያ አንድ ይላል። ዙበይዳ ካርዱን አንድ ጊዜ አነበበችው፣ አንዴም ደገመችው፤ ከዚያ ማንም ሳያየው ኪሷ ከተተችው።

የጽሑፎቹ ጠባቂ ብሽራ ቁልፎቿን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው።

«ያገኘሻቸው አንቺ ነሽ?»

«የገደልኳቸውም እኔ ነኝ» አለች ብሽራ፣ ሰዓት እንደተጠየቀ ሰው።

«እንዴት?»

«ካርዱን የምሞላው እኔ ነኝ። ካርዱ ግቡ ባይላቸው አይገቡም ነበር። እሳቸው ጥንቁቅ ናቸው።»

ዙበይዳ ካርዱን አውጥታ ለእሷ ብቻ አሳየቻት። «የሰኞውን አንቺ ጻፍሽው?»

ብሽራ ረጅም ጊዜ አየችው። «አላስታውስም። ትናንት ራሴን አሞኝ በጊዜ ወጣሁ። ስድስት ሳምንት ያለ እረፍት ነው የሠራሁት፤ እጄ ነው የሚሠራው፣ እኔ የለሁም። ጽፌው ይሆናል። ሌላ ማን ይጽፈዋል?»

«ፕሮፌሰሩ ምን ፈልገው ገቡ?»

«አሥራ አንዱን የወቅፍ ሰነዶች ይሆናላ። ኬሚስቷ ዶክተር ሉብና ነቀዝ አለባቸው ብላ ባለፈው ሳምንት አስገባቻቸው። እኔ ነቀዝ አላየሁም፤ ግን እሷ ካለች አለች ነው።»

ግቢው መሐል፣ የድንጋይ አግዳሚ ላይ፣ የሟቹ ሚስት ለላ ማህቡባ ነጭ ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ብሽራን ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ልጅቷ ጠዋት ሮጣ እግራቸው ላይ ወድቃ «እኔ ነኝ» ብላቸዋለች። ከዚያ ወዲህ ፊታቸውን አዙረውባታል። አቃቤ ሕጉም በስልክ ነገሩን ቆርጦታል፤ ቸልተኝነት ነው፣ ልጅቷ እስከ ቀትር ትምጣልኝ። ለዙበይዳ የቀሯት ሦስት ሰዓታት ነበሩ።

ሕግ ተመራማሪው ዶክተር ሻዝሊ ዝጋል ክራቫቱን እያስተካከለ መጣ።

«አንደኛ፣ እጅግ አዝኛለሁ። ሁለተኛ፣ የሐማሙ ቁልፍ የለኝም።»

«ሦስተኛስ?»

«ሦስተኛ የለም።»

«ቁልፉ መዝገብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይደል የሚውለው? ማንም ያነሳዋል። ይልቅ ትናንት ከፕሮፌሰሩ ጋር ምን አወራችሁ?»

«የሕግ ጥያቄ ጠየቁኝ። ያልተሠራን ምርመራ ተሠርቷል ብሎ ውጤት የጻፈ ሰው ምን ይጠብቀዋል አሉኝ። ወረቀቱ ፍርድ ቤት ከቀረበ ወህኒ ነው አልኳቸው።»

«ማን እንደሆነ አልጠየቋቸውም?»

«እመቤቴ፣ ሕግ የሚመለከተው ድርጊትን ነው። ስም ብጠይቅ እኮ ምስክር ሆንኩ ማለት ነው።»

«ሰው ሲሞትም ምስክር መሆን አይፈልጉም?»

ሻዝሊ ክራቫቱን እንደገና ነካካ። ዙበይዳ እንዲህ ያለ ብልጠት ከሰለቻት ቆይቷል። «አሥራ አንዱ ሰነዶች ጉዳያቸው ምንድነው?»

«ለድኾች የተወቀፈ፣ ለዘለዓለም የተሰጠ መሬት ነው፤ ፍርድ ቤት ክርክር አለበት። ሉብና ቀለማቸውን መርምራ ሦስት መቶ ዓመት ያስቆጠሩ ናቸው ብላለች። ክርክሬ በሙሉ በእሷ ሪፖርት ላይ ነው የቆመው።»

የኬሚስትሪዋ ሊቅ ዶክተር ሉብና ማዕሉል ፎቅ ላይ፣ ቤተ ሙከራዋ ውስጥ ነበረች። ቁመተ ረጅም፣ ንጹሕ፣ እጆቿ የማይንቀጠቀጡ ሴት።

«ሐማሙን የተከሉት እርስዎ ነዎት አሉኝ።»

«ማሽኑን አዎ። መቆጣጠሩ የብሽራ ነው። ስንቴ ነገርኳት! ልጅቷ የፊደል ሰው ናት፤ ከቁጥር ጋር ተስማምታ አታውቅም። ያንን ካርድ እንኳ ሰርዛ ደልዛ ነው የጻፈችው። ሰው በዚህ ይሞታል?»

«ትናንት ወደ ታች ወርደው ነበር?»

«ከሐሙስ ወዲህ እግሬም አልረገጠው።»

ዙበይዳ ራሷን ነቀነቀች፤ እንደገባት ሰው ሳይሆን እንደደከማት ሰው።

ቀጥላ ብሽራን፣ ሻዝሊንና ሉብናን መዝገብ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠቻቸው። ለእያንዳንዳቸው ወረቀትና እርሳስ ሰጠች፤ መሐላቸው አንድ ላጲስ አኖረች። «የትናንት ውሏችሁን ጻፉልኝ። ከላይ የዛሬውን ቀን አስቀምጡ፤ ረቡዕ አሥራ ሦስት።»

ሻዝሊ የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ሁሉም እንደተባሉት ጻፉ፤ ሰው ሞቶ ስለ ቀን ማን ይከራከራል? ሦስት አራት መስመር እንደሄዱ ዙበይዳ ግንባሯን መታ አደረገች።

«ውይ ይቅርታ! ዛሬ ማክሰኞ ነው ለካ፣ አሥራ ሁለት። አስተካክሉልኝማ።»

አስተካከሉ። ዙበይዳ ወረቀቶቹን ሰብስባ አየቻቸውና ብሽራን ብቻ አስቀረቻት። ሰነዶቹን ከሐማሙ አስወጥታ ማጉያ መነጽር ሰጠቻትና የምትፈልገውን ነገረቻት። ግማሽ ሰዓት ፈጀ።

ቀትር ሊሆን ሲል ሁሉም ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። ለላ ማህቡባ ከአግዳሚው አልተነሱም። ብሽራ ከእሳቸው ርቃ፣ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ነበሩ።

«አቃቤ ሕጉ ቸልተኝነት ነው ይላል» ብላ ጀመረች ዙበይዳ። ድምጿ ከፍም ዝቅም አላለም። «ካርዱ ላይ ሃያ አንድ ተጽፏል። ፕሮፌሰሩ አምነው ገቡ፣ ሞቱ። ብሽራም ራሷ እኔ ነኝ ብላለች። ነገር ግን ይሄንን ካርድ እዩት። የሁለት ወር መስመር አለበት፤ ብሽራ አሥር ጊዜ ያህል ተሳስታበታለች። እንዴት አወቅሽ በሉኝ። ወረቀቱ አሥር ቦታ በላጲስ ታሽቶ ሳስቷል። ጥንታዊ ጽሑፍ ባለበት ክፍል ብዕር ክልክል ነው፤ እዚህ የሚሠራ ሰው ሲሳሳት ያጠፋል፣ እፍ ይላል፣ ይጽፋል። የሰኞው መስመር ግን አልጠፋም። ተሰርዟል፤ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር፣ ከሥሩ ያለው እስኪነበብ ድረስ።»

«ብዙ ሰው ይሰርዛል» አለ ሻዝሊ።

«አዎ ዶክተር፣ እርስዎም ይሰርዛሉ። ጠዋት ቀኑን ሲያስተካክሉ ሰረዙ፤ ከዚያ ኅዳጉ ላይ ፈረሙበት፣ ግርጌው ላይ ደግሞ ‹ሁለት ቃል ተሰርዟል› ብለው ጻፉ። ያልተፈረመበት ስርዝ በሕግ ዋጋ የለውማ። ብሽራ ላጲሱን አነሳች። ዶክተር ሉብና ግን ላጲሱ እጃቸው ሥር ተቀምጦ አልነኩትም። አንድ መስመር አሰመሩ፣ ትክክለኛውን ከላይ ጻፉ። ቤተ ሙከራ ውስጥ ስህተት አይጠፋም፤ የሚቀጥለው ሰው እንዲያየው ይቀራል። እንዲህ ነው አይደል?»

«ሕጉ ነው» አለች ሉብና። «የትም አገር ያለ ሕግ ነው። ይሄ ማስረጃ ሆኖ ሰው ያስከስሳል?»

«ብቻውን አያስከስስም። ከስርዙ ሥር ያለው ቁጥርስ? ሃያ ነጥብ ዘጠኝ ነው። ብሽራ በሁለት ወር ውስጥ አንድ ነጥብ አልጻፈችም፤ ዜሮ ወይ ሃያ አንድ ነው የምትለው። አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሃያ ነጥብ ዘጠኝ መሆኑን ሳያስበው የሚጽፍ እጅ የኬሚስት እጅ ነው። ጻፉት፤ ከዚያ ብሽራ እንዲህ እንደማትጽፍ ትዝ አለዎትና አረሙት። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ይባላል፤ እርስዎም ስህተትዎን ማጥፋት አልለመዱም።»

ሉብና ዓይኗን ካርዱ ላይ ተከለች።

«ደግሞ ካርዱ ላይ ስርዝ እንዳለ ነገሩኝ። ከሐሙስ ወዲህ አልወረድኩም ብለውኛል፤ መስመሩ የተጻፈው ሰኞ ነው፣ ዛሬ ደግሞ እርስዎ ቢሮ ሳይደርሱ ካርዱ ኪሴ ገብቷል። ያየነው እኔና ብሽራ ብቻ ነን።»

«ለምን ብዬ?» አለች ሉብና። ጥያቄው የእውነት ጥያቄ አይመስልም ነበር።

«ሪፖርትዎ ከአሥራ አንዱም ሰነድ ቀለም ተፍቆ ተወስዷል ይላል። ብሽራ በማጉያ አየቻቸው። አንዱም አልተፋቀም። ፕሮፌሰሩ ይሄንን ጠርጥረው ሊያረጋግጡ ፈለጉ። እርስዎ ሰነዶቹን ሐማም አስገቡ፤ ከዚያ በሩን እንዲከፍቱ ካርዱን አስተካከሉላቸው። አይጥ በበላ ዳዋ ሊመታልዎት ነበር።»

ሻዝሊ ከሉብና አንድ እርምጃ ራቅ አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቆጥረው ነገር አጣ።

«የቀለም መመርመሪያ ማሽኔ ተበላሽቶ ነበር» አለች ሉብና። «ፍርድ ቤቱ ቀን ቆርጧል፣ ሻዝሊ በየቀኑ ይጨቀጭቀኛል። ውጤቱ እንዲያ እንደሚሆን አውቅ ነበር። ርግጠኛ ነበርኩ።» አንገቷን ቀና አድርጋ ጨመረች፤ «ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቁጥር አጥፍቼ አላውቅም።»

«አላጠፉም» አለች ዙበይዳ። «የሌለ ጻፉ እንጂ።»

ፖሊሶቹ ወሰዷት። ሻዝሊ ሪፖርቱ ከሌለ የድኾቹ መሬት ምን ይሆናል እያለ ብቻውን ያጉረመርም ነበር።

ብሽራ ከግድግዳው አልተንቀሳቀሰችም። «እኔ አልጻፍኩትም?» አለች።

«አልጻፍሽውም።»

«ርግጠኛ ነዎት? እኔ እኮ አላስታውስም።»

«ያላስታወስሽው ስላልጻፍሽው ነው።»

ልጅቷ ዓይኗ ደረቅ ነበር። የሰማችው ነገር ጆሮዋ ላይ ቀርቷል፤ ዙበይዳ ያንን ድንዛዜ ታውቀዋለች፣ እውነት ብቻውን እንደማያስለቅቀውም ታውቃለች። ዙበይዳን ራሷን የሚያስለቅቃት ሰው ደግሞ አራት ወር ሆኖታል ከተቀበረ።

ያኔ ለላ ማህቡባ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን መለሱ። ብሽራን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። አግዳሚው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት።

«ቁርስ በልተሻል?» አሏት።

ብሽራ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ሁለት እርምጃ ሄደች፤ ሦስተኛው ላይ እዚያው የግቢው ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና እሪ አለች። አሮጊቷ ከአግዳሚው ወርደው አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ አስደግፈው አብረዋት አለቀሱ።

ዙበይዳ ቆማ አየቻቸው። ቀናችባቸው። ከዚያ ስልኳን አውጥታ አቃቤ ሕጉ ጋር ደወለችና፣ ልጅቷ እንደማትመጣ ነገረችው።