ከፋብሪካው በላይ ያለው ውሃ

መሥሪያ ቤቷ ውስጥ «እመት ለምን» ይሏታል። የዓሣ ተመራማሪ ናት፤ ስሟን ትተው በጠባይዋ ጠሯት። ካልጠየቀች አይሆንላትም። ምን ታድርግ፣ ሲፈጥራት!

ሰሞኑን ያንገበገባት የወንዙ ነገር ነው። ከካልሲ ፋብሪካው በታች የሚያዙት ዓሦች ሁሉ ስንጥባቸው አብጦ፣ በንፍጥ ተሸፍኖ ይገኛል፤ ዓሣ ደግሞ የሚተነፍሰው በስንጥቡ ነው። ፋብሪካው ካልሲው እንዳይሸት ጌጥ የሚሠራበትን ብር አድቅቆ ጨርቁ ላይ ይቀባል። ናኖ የሚሉት ብናኝ ነው፤ ከጸጉር ዘለላ በሺህ እጥፍ ይቀጥናል። ጨርቁ እዚያው ፋብሪካው ውስጥ ሲታጠብ ብናኙ ወንዝ ይገባል። ከዚያስ? ጭቃው ላይ ተጣብቆ ይቀራል ወይስ ዓሣው ሆድ ይገባል? እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነበር።

የፋብሪካውን በር ስታንኳኳ የከፈተላት የባለቤቱ ልጅ ነው። ሊያባርራት የወጣ ሰው፣ ዓይኗን ሲያይ የመጣበትን ረሳው።

«ዓሦቹን የጎዳናቸው እኛ ነን?» አላት የመጣችበትን ስትነግረው።

«እሱን ነው ማወቅ የምፈልገው።»

«እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ። ምን ላግዝሽ?»

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከፋብሪካው በላይና በታች ውሃ እየቀዳ ያመጣላት ጀመር። ጠርሙሱን ሲያቀብላት ጣቶቻቸው ይነካካሉ። ወደደችው። ምን ይደበቃል፣ ክፉኛ ወደደችው።

ውጤቱ ሲመጣ ግን ክው አለች። ከፋብሪካው በላይ የተቀዳው ውሃም ብር አለበት! እንዲህ ከሆነ ብሩ የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው፤ ፋብሪካው ነጻ ወጣ ማለት ነው። «ለአባቱ ብሎ ጠርሙሶቹን አቀላቅሎብኝ ይሆን?» አለች በሆዷ። ውሃውን ትመን ወይስ ልጁን?

«ነገ አብሬህ እሄዳለሁ» አለችው፤ ምክንያቱን አልነገረችውም።

በማግስቱ ከፋብሪካው ሽቅብ ወጡ። ጫማውን አወለቀ፣ ሱሪውን ሰበሰበ፣ የወንዙ ድንጋይ ስለት ስለሆነ ካልሲውን እንዳደረገ ገባ። ከዚያ ጠርሙሱን እግሩ ሥር ደቀነ።

«ቁም!» ብላ ጮኸች። «ያ ካልሲ የማን ነው?»

«የኛው ነዋ!»

«አዲስ ነው?»

አንገቱን ደፋ። «ከዚህ በቀጥታ አንቺ ጋ አይደል የምመጣው? በየቀኑ አዲስ ነው የማደርገው።»

በሳቅ ፈረሰች። አዲስ ካልሲ ብሩን በብዛት የሚያራግፈው መጀመሪያ ውሃ ሲነካው ነው፤ ሰውዬው ንጹሑን ውሃ በገዛ እግሩ ሲበክልላት ከርሟል! ሳቋ መሀል ግን እንባዋ መጣ። አልዋሻትም።

በባዶ እግሩ ሲቀዳ የላይኛው ውሃ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። የታችኛው ግን ብር እንዳዘለ ነው፤ ጭቃውም፣ ጭቃውን የሚለቃቅሙት ዓሦች ሆድም እንዲሁ።

«እንግዲያው እኛው ነን» አለ ቀስ ብሎ።

«ይህን ከጻፍኩ ፋብሪካው ሊዘጋ ይችላል። አባትህ ዓይንሽን እንዳላይ ቢሉኝስ?»

«ጻፊው። አባቴን ለኔ ተይው።»

ሄደ። ቀናት አለፉ፤ ድምፁ ጠፋ። እሷም ጻፈች፣ እየጻፈችም አለቀሰች።

አንድ ከሰዓት በኋላ አባትየው ራሳቸው የላቦራቶሪውን በር ከፍተው ገቡ። ልጃቸው ከኋላቸው ቆሟል፤ ከስቷል።

«አንቺ ነሽ? እስቲ አሳዪኝ» አሉ። ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብለው ያበጠውን ስንጥብ ለረጅም ጊዜ አዩ።

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል እሰማ ነበር» አሉ ቀና ሳይሉ። «ዘንዶው እኔ ነኝ በዪኛ!»

«ኧረ ጋሼ፣ እንዲያ አይበሉ!»

«ተዪኝ እስቲ። ማጠቢያውን ዘግቼዋለሁ፤ ማጣሪያ ሳይገጠም አይከፈትም። ይሄ ልጅ እህል አልቀምስም ብሎ ሊገለኝ ነው። ይህ ሁሉ ለዓሣ ብቻ እንዳልሆነ ደግሞ አልጠፋኝም።»

ልጁ መሬት መሬት አየ።

«ጠርጥሬህ ነበር» አለችው። «ጠርሙሶቹን ሆን ብለህ ያቀላቀልክ መስሎኝ ነበር።»

«ገብቶኛል። አሁንስ?»

ጠረጴዛውን ዞራ ሄደችና እጁን ያዘች።

«አሁን አባትህ ፊት እጅህን ይዣለሁ።»

አባትየው ጉሮሮአቸውን ጠረጉና ዓሣውን እንደገና ለማየት ጎንበስ አሉ።