ያልተነፈሰው ቱቦ

ሣጥኑ የለም።

የስልክ ምሰሶው ቆሟል። ታስሮበት የነበረው ሰንሰለት ተቆርጦ መሬት ላይ ተጋድሟል። መንገዱን አቋርጦ የተዘረጋው ጥቁር የጎማ ቱቦም በቦታው ነው። ጎማ በረገጠው ቁጥር አየር እየገፋ መኪና ማለፉን ለሣጥኑ የሚነግረው ይኸው ቱቦ ነበር። ቆጣሪው ሣጥን ግን እንደ ጉም ተኗል።

ከተማዋ ከተቆረቆረች ወዲህ እንዲህ ያለ ስርቆት አልታየም። ባንክ መዝረፍ ከዚህ ጋር ሲተያይ የልጆች ጨዋታ ነው።

ኢንስፔክተሩ ደረሰ። ሌቦች ጥላውን ሲያዩ ሳይጠየቁ ይናዘዛሉ ይባላል። እርግጥ ሚስቱ «መነጽሩን የምፈልግለት እኔ ነኝ» ትላለች፤ የሚስት ወሬ ግን ማስረጃ አይሆንም።

«ከሰዓት በኋላ ስብሰባ አለ» አለችው አዋላጇ። ሣጥኑ እንዲተከል የማዘጋጃ ቤቱን ደጅ የጠናችው እሷ ናት። «የሲሚንቶ ፋብሪካው ፈቃድ ይወሰናል። ከባድ መኪኖቹ በዚህ መንገድ፣ ባቡሮቹ በዚህ የሐዲድ ማቋረጫ ሊያልፉ ነው። መንገዱ ካሁኑ መጨናነቁን የሚመሰክርልን ሣጥኑ ብቻ ነበር።»

«ፋብሪካውን ጠልተሽው ነው?»

«ኧረ ይምጣ! ሥራ ማን ይጠላል? ጤና ጣቢያው ግን ከሐዲዱ ማዶ ነው። ባለፈው ክረምት አንዷ እናት ባቡር እስኪያልፍ በተዘጋው አግዳሚ ፊት ለፊት አምቡላንስ ውስጥ ወለደች። ባቡሩ ጡሩምባውን ሲነፋ እኔ ‹ግፊ› እላለሁ። ከሐዲዱ በላይ ማለፊያ ድልድይ ይሥሩልን ነው የምለው።»

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የፋብሪካው ወኪል ነበር። ክራቫቱ ከሐዲዱ ይረዝማል።

«ሣጥኑ ቢጠፋ የሚጠቀመው ማን ነው?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«እኔ እንደሆንኩ ያስታውቃል። ለዚህ እኮ ነው የማልነካው! ቢጠፋ መጀመሪያ የምትመጣው እኔ ዘንድ አይደል?»

እውነቱን ነው። መጥቶ የለ እንዴ!

ሁለተኛው የማቋረጫው ጠባቂ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ አግዳሚ ሲያወርድ ስለኖረ ሰፈሩ «ጋሽ ዝጋ» ይለዋል።

«ጋሽ ዝጋ፣ ድልድይ ከተሠራ ሥራዎ አለቀ ማለት ነው።»

«ጡረታዬ ደርሷል፣ ልጄ። ሹፌር ሁሉ እናቴን ሲሰድብ ኖሯል። ድልድዩን ይሥሩና ነፍሷ ትረፍ።»

ኢንስፔክተሩ በንዴት ቱቦውን ረገጠው። ተቆርጧልና ማፏጨት ነበረበት። አላፏጨም።

ደግሞ ረገጠው። ዝም።

ጎንበስ ብሎ ጫፉን አየ። በሞረድ ተፍቆ፣ ማስቲሽ ተቀብቶ፣ በክብ የጎማ ቁራጭ ተለብጧል። ሌባ ሰርቆ ይሮጣል እንጂ የቆረጠውን ጠግኖ ይሄዳል?

ቱቦውን ጠቅልሎ መንገዱን ተሻገረና ከማዶ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ደጃፍ ቆመ። ጎሚስታው የአዋላጇ አባት ነው። አዋላጇም «አባዬን ደግሞ ምን ልትለው ነው?» እያለች ተከተለችው።

«ወንድሜ፣ ሌሊት ያየኸው ሰው አለ?»

«እኔ ጎማ እንጂ ሰው አላይም፣ አለቃ።»

«እንግዲያው ጎማ እይልኝ። ይህን የለጠፈ ጀማሪ መሆን አለበት። ይተነፍሳል።»

የጎሚስታው ጆሮ ቀላ። ቱቦውን ነጥቆ የውሃ ገንዳው ውስጥ ነከረውና በቡጢው ጨመቀው።

«አረፋ አለ? አሳየኝ! የኔ እጅ ነው የሚተነፍሰው?»

ውሃው ዝም አለ። አንድም አረፋ አልወጣም።

«አባዬ…» አለች አዋላጇ።

ጎሚስታው አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። ሣጥኑ ከጎማው ክምር ሥር ነበር።

«መንገዱ ተጨናንቋል ከተባለ መኪኖቹን ከከተማው ውጭ በዳር መንገድ ያዞሯቸዋል አሉ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ያኔ እኔ ዘንድ ማን ይመጣል? አንቺን ያስተማርኩሽ በዚህ መንገድ ጎማ ነው።»

«ቱቦውን ለምን ጠገንከው ታዲያ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ስቆርጠው ማፏጨት ጀመረ። ጎማ እየተነፈሰ ጥሎ መሄድ… አልቻልኩም፣ አለቃ።»

ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል፤ ጎሚስታ ላመሉ ቀዳዳ ይደፍናል።

«ክሱ አይቀርልህም» አለ ኢንስፔክተሩ። «ሣጥኑን ግን ራስህ ተሸክመህ ብታስረክብ ዳኛውም ያየዋል።»

ተሸከመው። ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ዓለም ሁሉ የተሰበሰበ ይመስል ነበር። ጎሚስታው ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ያደረገውን በገዛ አፉ ተናገረ። የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ሣጥኑን ከፈተ። ቆጠራው ሲነበብ ወኪሉ ራሱ ክራቫቱን አላላ። ፈቃዱ ተሰጠ፤ ከነግዴታው ግን። የፋብሪካው መኪኖች በዳር መንገድ ይሄዳሉ። ሐዲዱ ላይ ድልድይ ሳይቆም አንድም የሲሚንቶ ባቡር አያልፍም።

ጋሽ ዝጋ ቆሞ አጨበጨበ። ጎሚስታው ግን በሩ ጋ ተክዞ ቆሟል።

ልጁ ክንዱን ያዘችው።

«አባዬ፣ ዳር መንገዱን አይተኸዋል? ድንጋዩ ምላጭ ነው። ጎማ እዚያም ይተነፍሳል።»

ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ወደ ወኪሉ ዞረ።

«ጌታው፣ መኪኖቻችሁ ስንት ስንት ጎማ ነው ያላቸው?»