የፌንጣ ቁጥር

ብስክሌት ተወዳዳሪዋን ፌንጣን ከደረጃው ግርጌ ያገኛት መካኒኩ ነው፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል። የመሪነቱን ቀይ ማሊያ ለብሳ፣ ከሥሩ ብረት ያለውን የብስክሌት ጫማ ተጫምታ፣ በግራ ጎኗ ወድቃለች። አንገቷ የሰው አንገት በማይታጠፍበት በኩል ታጥፏል።

መካኒኩ ግን እሷን አይቶ አልቆየም። ቀና ብሎ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ብስክሌት አየ። ቡድኑ ውስጥ ከነበሩት ሁለት እህትማማቾች የታላቋ ብስክሌት ነው። ታላቋ አምና፣ ዛሬም በሚካሄደው በዓመቱ የመጨረሻ ውድድር፣ ይህንኑ ቀይ ማሊያ ለብሳ ቁልቁለቱ ላይ ሞታለች። ከዚያ ወዲህ ብስክሌቷን የነካው የለም። ጠዋት ጠዋት ጎማው ብቻውን ሲሽከረከር ይሰማል እየተባለ፣ ልጆቹ ያንን ደረጃ በሩጫ ነበር የሚወርዱት።

«ሁለተኛዋንም ወሰደቻት» አለ መካኒኩ። ድምፁ ራሱን አስፈራው።

መርማሪዋ ጉልበቷን እያሻሸች ደረሰች። ሃምሳን ያለፈች ሴት ናት። ጣቢያ ውስጥ ከኋላዋ «እትዬ ለምን» ይሏታል፤ አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም። ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብላ የፌንጣን ክንድ ነካች። እንጨት ሆኗል። በማሊያው ቀኝ ጎን፣ ወገቡ ላይ፣ የውድድር ቁጥሩ በአራት መርፌ ቁልፍ ተሰክቷል። ጠርዙን ገለጥ ብታደርገው አንደኛው መርፌ ማሊያውን አልፎ ከውስጥ ያለውን ካኔተራም ይዞታል።

ከዚያ እሷም ቀና አለች። የተሰቀለው ብስክሌት የዓመት አቧራ ለብሷል። የእጀታው አንዱ ጫፍ ብቻ ንጹሕ ነው።

ቡድኑ ትንሽ ነው። ሌሎቹ ልጆች ከየቤታቸው ነው የሚመጡት፤ በዚያ ቤት የሚያድሩት ፌንጣ፣ አሰልጣኙ፣ መካኒኩና የታላቋ እህት፣ ታናሿ፣ ነበሩ። በዓመቱ አሥር የአንድ ቀን ውድድሮች አሉ። ቀድሞ የገባ ብዙ ነጥብ ያገኛል፤ ነጥቡ እየተደመረ ይሄድና በመጨረሻ ብዙ ያላት ማሊያውን ትወስዳለች። ዘጠኙ አልቋል። ፌንጣ ሁለት መቶ አሥር፣ ታናሿ ሁለት መቶ ሦስት። አሥረኛው ዛሬ በአራት ሰዓት ይጀመራል፤ እስከ ሦስት ተኩል ያልፈረመች አትነዳም።

ታናሿ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ማሊያዋ ወንበር ላይ ተዘርግቷል፤ ቁጥሩ በግራ ጎኑ ተሰክቷል።

«በሰባት ነጥብ ነው የምትበልጥሽ?» አለች መርማሪዋ።

«አዎ። ዛሬ ግን በእግሬ እበልጣት ነበር። ዳገት ላይ እሷ ድንጋይ ናት፤ ራሷም ታውቀዋለች።» ድንገት አፏን ያዘች። «ታውቀው ነበር።»

«ይዤሽ ብሄድ ውድድሩ ያመልጥሻል።»

«ይያዙኝ እንግዲህ! ባይይዙኝስ? ነድቼ ባሸንፍ ገድላ አሸነፈች ነው። ብቀር ደግሞ ገድላ ፈራች ነው። እናቴ አምና አንዷን ቀብራለች፤ ዘንድሮ የነፍሰ ገዳይ እናት ልትባል ነው።»

«ትናንት ከፌንጣ ጋር ምን አወራችሁ?»

ልጅቷ ፊቷን ወደ ማሊያዋ አዞረች። መርማሪዋ ከአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ጉልበቷን ማሻሸት ጀመረች፤ የሚቸኩል ሰው አትመስልም።

«‹ስለ እህትሽ የምነግርሽ አለ፤ ግን መጀመሪያ ከራሱ አፍ ልስማው› አለችኝ።»

«ከማን አፍ?»

«ስም አልጠራችም። ከማን ይሆናል? ከመካኒኩ ነዋ! የእህቴን ፍሬን ያሰረው እሱ ነው። ዓመት ሙሉ እንደምን አደርክ ብዬው አላውቅም።»

«ይሄን ቁጥር ማን ሰካልሽ?»

«ራሴ። ትናንት፣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ። ለብሶ ማን ይሰካል? ጎን ላይ እኮ ነው፤ አይታይም።»

መካኒኩ ግቢ ውስጥ ከቆመችው የዕቃ መኪና ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። የሚያድረውም እዚያው ነው፤ ብስክሌት እንዳይሰረቅ።

«ቁጥሩ ለምን ጎን ላይ ሆነ?» አለችው።

«የመጨረሻው መስመር ላይ ዳኞች ተቀምጠው ያነቡታል። እነሱ ባሉበት በኩል ነው የሚሰካው። ዘንድሮ ዘጠኙም በግራ ነበር። በማዶው ጎን ከሰካሽ ነጥብሽ ላይመዘገብልሽ ይችላል። አሰልጣኙ በሱ ነገር ጉድ ነው፤ ቁጥር ተጣሞ ካየ እየተሳደበ በገዛ እጁ ያቃናል።»

«የአምናው ፍሬንስ?»

ሰውየው በቅባት የጠቆሩ ጣቶቹን አየ። «ደህና ነበር። ግን ማን ይስማኝ፣ እትዬ? ሰው ሲሞት ያው ጥፋቱ ወይ የእግዜር ነው ወይ የመካኒክ። እግዜርን ደግሞ ማን ይከሳል።»

አሰልጣኙ ከውድድሩ መነሻ ተጠርቶ ሲመጣ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ዓይኑ ቀልቷል።

«ትናንት ማታ ከአሰልጣኞች ስብሰባ ስመለስ ሁሉም ተኝተዋል» አለ። «ማንንም አላናገርኩም። ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መንገዱን ለማየት ወጣሁ። እሷ ከዚያ በኋላ ጫማዋን አድርጋ ስትወርድ አዳልጧት ነው። በእጃችሁ ይዛችሁ ውረዱ ብዬ ስንቴ ተናግሬያለሁ!»

«በስብሰባው የሰጡት ወረቀት አለ?»

ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። መርማሪዋ ንባብ አይሆንላትም፤ በከንፈሯ እየቆጠረች፣ ሦስቴ አነበበችው።

«ይሄን ሌላ ማን አየ?»

«ማንም። እኔው ኪስ ነው ያደረው። ጠዋት ልነግራቸው ነበር።»

«ለምን ማታውኑ አልነገሯቸውም?»

«ተኝተዋል አልኩ እኮ፣ እትዬ!»

ሦስት ሰዓት ሲሆን ሦስቱንም ከደረጃው ግርጌ ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነሥቷል፤ ሲሚንቶው ታጥቦ ገና እርጥብ ነው። ማንም እዚያ እርጥበት ላይ መቆም አልፈለገም። በሩ ላይ አንድ ፖሊስ ቆሟል።

«እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ ቀስ ብዬ ልናገር» አለች መርማሪዋ። «አንደኛ፣ ልጅቷ ክንዷ እንጨት ሆኗል። ንጋት ላይ የሞተ ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ እንዲያ አይደርቅም። የሞተችው ማታ ነው። ማታ ደግሞ ማሊያ ለብሶና የብረት ጫማ አድርጎ የሚተኛ የለም። ከሞተች በኋላ ሰው አልብሷታል። ለምን? ጠዋት የወደቀች እንድትመስል። ጠዋት መሞቷ ለማን ይበጃል? ጠዋት እዚህ ላልነበረ ሰው።»

አሰልጣኙ ለመሳቅ ሞከረ። «መካኒኩስ? እሱ መኪና ውስጥ ማደሩን ማን አየ?»

«ትክክል ነህ፤ ይሄ ብቻውን ሰው አያሳስርም። ሁለተኛው ቁጥሩ ነው። መርፌው ካኔተራዋን ይዟል። ማሊያው ገላዋ ላይ እያለ ነው የተሰካው፤ ራሷ ብትሆን ጠረጴዛ ላይ ትሰካው ነበር። ቁጥሩ ታዲያ በየት ጎን ነበር?»

«በቀኝ» አለ መካኒኩ፤ ያኔ ገና ገረመው። «በቀኝ ነበር እኮ!»

«የዚች ልጅ በግራ ነው። አንተም ዘጠኙም በግራ ነበር አልከኝ። ማንኛችሁም ብትሰኩላት በግራ ትሰኩ ነበር።» ወረቀቱን ዘረጋች። «እዚህ ላይ ‹በመንገድ ሥራ ምክንያት በአሥረኛው ውድድር ዳኞች በቀኝ ይቀመጣሉ› ይላል። ይሄ ከአንድ ሰው ኪስ አልወጣም። ሟቿ እንኳ አላወቀችም፤ ማንንም አላናገርኩም ብሎኛል። ውሸታም ሰው ስህተት ሠርቶ ሲያዝ አይቻለሁ። ትክክል ሠርቶ የተያዘ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ሬሳ ስታለብስ እንኳ ቁጥሩ በዳኞቹ በኩል ካልሆነ እጅህ እሺ አላለህም።»

ታናሿ ግድግዳው ላይ ያለውን ብስክሌት ታያለች፤ ከዚያ የሚመጣ ድምፅ የምትጠብቅ ትመስላለች።

«ለምን ይገድላታል?» አለች በቀጭን ድምፅ። «ማሊያውን ልታመጣለት ነበር።»

«እስቲ ያንን ብስክሌት አውርደው» አለች መርማሪዋ መካኒኩን።

«እሱን? እሱንስ እኔ አልነካም፣ እትዬ።»

«ፌንጣ ነክታዋለች። ሌላ ማንም እንደማይነካው ስለምታውቅ።»

አማትቦ አወረደው። ንጹሑን የእጀታ ጫፍ ይዞ የቱቦውን አፍ የደፈነውን ቡሽ ሲነቅለው የተጠቀለለ ወረቀት ወጣ። የሐኪም ወረቀት ነው። ታላቋ ከአምናው ውድድር አራት ቀን በፊት ልምምድ ላይ ወድቃ ጭንቅላቷን እንደተመታች፣ አንድ ወር እንዳትነዳ፣ ድንገት ራሷን ልትስት እንደምትችል ይናገራል። ከታች የተረካቢው ፊርማ አለ። የአሰልጣኙ ነው።

መካኒኩ ወረቀቱን እንደያዘ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለ። «ፍሬኑ ደህና ነበር» አለ።

«ወረቀቱ መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ነበር» አለ አሰልጣኙ በመጨረሻ። «ፌንጣ ከዚያ ወስዳ... ‹ተናገር፤ አለዚያ ነገ ሰው ሁሉ ፊት አነባለሁ› አለችኝ። ደረጃው ላይ ነበርን። ገፋኋት እንጂ አልመታኋትም። ታላቋም ደህና ነኝ ብላኝ ነበር። ራሷ ናት ልንዳ ያለችው!»

«አንተስ ለምን እሺ አልክ?»

ፖሊሱ እጁን ሲያስረው አሰልጣኙ ወደ ታናሿ ዞረ፤ ትእዛዝ ሲሰጥ እንደሚያደርገው ቀኝ እጁን ለማንሳት ሞከረ፤ ሰንሰለቱ ያዘው።

«አንቺ ምን ቆመሽ ታያለሽ? ሃያ ደቂቃ አለሽ» አላት። «ከመጀመሪያዎቹ አምስት አንዷ ሆነሽ ግቢ፣ ማሊያው ያንቺ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እንዳትነኪ።»

ልጅቷ ጀርባዋን ሰጠችው። ከዚያ ወደ መካኒኩ ሄዳ ክንዱን ይዛ አስነሣችው።

«ጋሼ፣ ፍሬኔን እይልኝ» አለች። «ይዤው ነው የምወርደው።»

ከሦስት ተኩል አራት ደቂቃ ሲቀረው ፈረመች። ቀዩን ማሊያ አዘጋጆቹ ቢሰጧትም አልለበሰችም። ዳገቱን ከሁሉም ቀድማ ወጣች፤ ያለችው እውነት ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ሌሎቹ እንደ ጥይት ሲያልፏት እሷ ሁለቱንም ፍሬን ጨብጣ ወረደች። እህቷ የቀረችበት ጠመዝማዛ ላይ ስትደርስ ወደ ጠርዙ ተጠጋች፤ አንገቷን ሳታዞር አንድ እጇን ለቅቃ «እለፊ» የሚል ምልክት ሰጠች። ከኋላዋ የነበሩት ልጆች ይህን አይተዋል። እነሱ ግን ገና ሩቅ ነበሩ።

አሥራ አንደኛ ገባች። ማሊያውን የሌላ ቡድን ልጅ በሁለት ነጥብ በልጣ ወሰደች።

እናቷ ቤት ስትደርስ እናትየዋ ስንተኛ ወጣሽ አላለቻትም። ትከሻዋን፣ ክንዷን፣ ጉልበቷን እየዳበሰች ሙሉ መሆኗን አረጋገጠች። ከዚያ በትከሻዋ ላይ አሻግራ ወደ ባዶው መንገድ ተመለከተች።

«ግቡ» አለች እናትየዋ፤ ለሁለት ሰው እንደሚባለው።