የቀጀላ እጆች

«እጅ የሌለው ሰው ራሱን መርዞ አይሞትም» አለ ጓድ ወንድይራድ፣ አስከሬኑ ገና ከአልጋው ሳይነሣ። «ያጎረሰው ሰው አለ። ማን እንደሚያጎርሰው ደግሞ ሆስፒታሉ በሙሉ ያውቃል።»

ወንድይራድ የሆስፒታሉ የፖለቲካ ኃላፊ ነው። ካድሬ መቼም መልስ አያጣም፤ የሚያጣው ጥያቄውን ነው። ፈትለወርቅ የሟቹን ፊት አየች። ቀጀላ ሁለት እጆቹን ሰሜን ግንባር ፈንጂ ወስዶበታል፤ ጭንቅላቱ ውስጥ የቀረው ፍንጣሪ ደግሞ በየጊዜው እያንቀጠቀጠ ይጥለው ነበር። አሁን ግን ፊቱ ላይ ሥቃይ የለም። እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል።

ዘመኑ 1980 ነው። ከየካ ተራራ ሥር፣ ባሕር ዛፉ መሐል የተሸጎጠው የቁስለኞች ሆስፒታል ሞልቶ ተርፏል። ፈትለወርቅ ምሥራቅ ጀርመን ሥነ ልቡና ተምራ የመጣች ናት። ሐኪም ሳትሆን ቁስለኞቹ «ዶክተር» ይሏታል። ሥራዋ ግማሽ አካሉን ግንባር ትቶ የመጣ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳያዞር ማድረግ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አይሳካላትም። የተሳካላት በሁለት ሰዎች ብቻ ነበር። ሙዘይን ዓይኖቹን አጥቷል፣ እጆቹ ግን ሙሉ ናቸው። ቀጀላ ዓይን አለው፣ እጅ የለውም። አልጋቸውን አጠጋጋችው። ከዚያ ወዲህ ሙዘይን ያጎርሳል፣ ፊት ያጥባል፤ ቀጀላ ደግሞ በመስኮት እያየ እንጦጦ ላይ ደመና መኖሩን፣ በኮተቤ መንገድ ማን እንደሚመጣ ይነግረዋል።

አዛውንቱ ዶክተር ወልደ ኢየሱስ ምርመራቸውን ጨርሰው ቀና አሉ። «ለሚጥለው የምንሰጠው ክኒን ነው። ሲበዛ ያስተኛል፤ በጣም ሲበዛ ትንፋሽ ያቆማል።»

ወንድይራድ ፈገግ አለና ከሙዘይን አልጋ ራስጌ የጎማውን ክዳን ነቀለ። የአልጋው ብረት ውስጡ ክፍት ነው። አፉ ድረስ በክኒን ተሞልቷል።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለ። «ከምሳ በኋላ መኪና ይመጣል።»

የጦር ፍርድ ቤቱን መኪና ሁሉም ያውቀዋል። ጭኖ የመለሰው ሰው የለም።

«እስከዚያ ጊዜ ይስጡኝ» አለች ፈትለወርቅ።

«ይውሰዱ፣ ጓድ። እኔ ምን ቸገረኝ።»

ሙዘይን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቷቸዋል፤ የሚሠሩት ነገር ጠፍቷቸዋል።

«ክኒኑ የማን ነው?» አለችው።

«ሆድ ይፍጀው፣ ዶክተር።»

«ይገድሉሃል እኮ።»

«ወላሂ ብዬለታለሁ። ሞተ ብዬ መሐላዬን አልበላም። ከተናገርኩ ሌላ ሰው ይጎዳል።»

ነርሷን ኢፍቱን መድኃኒት ክፍል ውስጥ ስታለቅስ አገኘቻት።

«የቀጀላ ክኒን መጠኑ ተጨምሮ ነበር?»

«በየጊዜው ይጨመር ነበር፣ ዶክተር። የሚጥለው አልቆም አለ። ያዘዙኝን ነው የሰጠሁት። ምላሱ ላይ አስቀምጬ ውኃ አጠጣዋለሁ።»

«ሲውጥ ታያለሽ?»

ኢፍቱ አሰበች። «አፉን ይዘጋል። ሌላ ስንት ሰው ይጠብቀኛል፣ ቆሜ አላይም።» ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ትናንት ጠዋት ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። ሙዘይን ‹ዋጠው፣ ለእኔ ስትል ዋጠው› ይለዋል። ለጓድ ወንድይራድ ነገርኩት። ምነው አፌን በቆረጠው።»

የቀጀላ እናት እማማ ዲንቄ በር ላይ መሬት ቁጭ ብለዋል። አጠገባቸው ትንሽ ጀሪካን አለች። ፈትለወርቅ አብራቸው ተቀመጠች። አሮጊቷ አላለቀሱም፤ እንባው ቀድሞ ያለቀ ይመስል ነበር።

«ጠበል ነው፣ እማማ?»

«ከእንጦጦ ነው፣ ልጄ። በየማለዳው እየቀዳሁ ለዘበኛው እሰጠዋለሁ፣ ደብቆ ያስገባልኛል። ያ ካድሬ ካወቀ ደጁንም አያስረግጠኝ። የትናንቱ ግን እንዳለ ተመለሰልኝ። አልቀመሰውም።»

«ሲሰጡት ያሉት ነገር አለ?»

«እንደ ደንቡ ነዋ። ጠበልና የሐኪም መድኃኒት አይደራረብም። አንዱን ይዘህ ሌላውን ተው ብዬ አስምዬዋለሁ።»

ፈትለወርቅ ጀሪካኗን አነሣቻት። ከባድ ናት። ነገሩ ሁሉ ያን ጊዜ ገባት፤ ባይገባት ኖሮ በወደደች።

ከምሳ በኋላ ሁሉም በባዶው አልጋ ዙሪያ ቆሙ። መኪናው በር ላይ ሞተሩን አላጠፋም። ፈትለወርቅ ከብረቱ ውስጥ ያለውን ክኒን ሳህን ላይ ገለበጠችው።

«ጓድ ወንድይራድ፣ ይህ ለመርዝ የተጠራቀመ ነው ብለዋል። ቢሆን ኖሮ ቀጀላን የገደለው ከዚህ ይጎድል ነበር። ብረቱ ግን አፉ ድረስ ሙሉ ነው። ተጨመረበት እንጂ ከውስጡ አልተቀነሰም።»

«ታዲያ በምን ሞተ?»

«ይዩት፣ ዳር ዳሩ ሟሟቷል፣ እርስ በርሱ ተጣብቋል። አፍ ገብቶ የወጣ ነው። ቀጀላ ምላሱ ሥር ይይዘዋል፣ ኢፍቱ ስትሄድ ይተፋዋል። ማንሻ እጅ ስለሌለው ሙዘይን ተቀብሎ ይደብቅለታል። ጠበል ይጠጣ ነበርና መድኃኒት ላይወስድ ለእናቱ ምሏል። ሙዘይንም አፉን የዘጋው እማማ ዲንቄን ከበር እንዳያባርሯቸው ነው።»

ወንድይራድ ወደ አሮጊቷ ዞረ። ፈትለወርቅ ፋታ አልሰጠችውም።

«ስላልዋጠ አልተሻለውም። ስላልተሻለው ዶክተር ወልደ ኢየሱስ መጠኑን ጨመሩ። ለማይዋጥ መድኃኒት ተጨመረ፣ ተጨመረ። ሲውጠው የቆየ ሰው ገላው ለምዶት ይችለው ነበር። ቀጀላ ግን ጨርሶ አልለመደውም። ትናንት ጠበሉን ሳይቀምስ መለሰ። ኢፍቱ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ የሰጠችውን በሙሉ ዋጠው። በዚያው ተኛ።»

ዶክተር ወልደ ኢየሱስ መነጽራቸውን አወለቁ። መልሰው አላጠለቁትም።

«ዋጥ ብሎ ያሳመነውስ ማነው?» አለ ወንድይራድ።

ይህን ጥያቄ ነበር የፈራችው፤ መልሱ ለሙዘይን ከመኪናው ይብሳል። ሙዘይን ቀና ብሎ ወደ ድምጿ ዞሯል። «እኔ ነኝ» አለች። «ትናንት ጠዋት መጥቼ የመከርኩት እኔ ነኝ።»

ወንድይራድ ዞሮ ኢፍቱን አያት።

«ዶክተር» አለ ሙዘይን ቀስ ብሎ፣ «ትናንት ጠዋት አልመጡም። ኮቴዎን አውቀዋለሁ።»

«ሙዘይን፣ ተወው።»

«ሲጥለው የምይዘው እኔ ነበርኩ። እናንተ ታዩታላችሁ፣ ትሄዳላችሁ። እኔ አላየውም፤ ገላው እጄ ውስጥ ሲርገፈገፍ ነው የማውቀው። ከዛሬ ነገ እጄ ላይ ይሞታል ብዬ ፈራሁ። ‹አንተ ከሞትክ ማን ያይልኛል?› አልኩት። የእናቱን መሐላ ለእኔ ሲል ጣሰው።»

እማማ ዲንቄ ተጠግተው እጁን ያዙት። «እኔ ነኝ ያስማልኩት፣ ልጄ። የእኔ ነው» አሉ። ሙዘይን እጁን ቀስ ብሎ አወጣና ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተተው።

«እንግዲህ ወንጀለኛ የለማ» አለ ወንድይራድ፣ ቅር እያለው። መኪናውን ባዶውን መለሰው። በሪፖርቱ ላይ ቀጀላ ለእናት አገሩ በቁስሉ ተሰዋ ተብሎ ተጻፈ። ከዚያ ወዲያ ጀሪካን የያዘ ሰው በበሩ አላለፈም።

ፈትለወርቅ የሰው ሕይወት አትርፋለች ተባለላት። እሷ ግን ምን እንዳተረፈች ታውቃለች። ክረምቱ ሲገባ ከግንባር ሌላ እጅ የሌለው ወታደር መጣ። አልጋውን ከሙዘይን አጠገብ አስደረገችው። ሙዘይን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ወታደሩ ሌላ ክፍል ተወሰደ።

አሁን የምሳ ሰዓት ሲደርስ የምትመጣው እሷ ናት። እንጀራውን ቆርሳ ጠቅልላ ወደ አፉ ታቀርባለች።

«እንጦጦ ላይ ደመና አለ» አለችው አንድ ቀን።

«አይንገሩኝ፣ ዶክተር።»

ነገሩን ትታ ጉርሻውን አቀረበች። አፉን ከፈተላት፤ ሁለቱ ጤነኛ እጆቹ ብርድ ልብሱ ሥር ቀሩ።