ቋቱ ሲሞላ

ሟቹ ከሰርቨር ክፍሉ በር ሥር በደረቱ ተደፍቷል። የቀኝ እጁ ጥፍሮች ተሰብረዋል፤ በበሩ ቀለም ላይ የጣቶቹ ጭረት ከላይ እስከ ታች ወርዷል። መርማሪዋ በርከክ ብላ ጭረቱን ተመለከተች፤ ከዚያ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። የእሳት ማጥፊያው ጋዝ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ሁሉ ተከፍተዋል። ጋዙ እሳት የሚያጠፋው አየሩን ከክፍሉ ገፍቶ ነው፤ ውስጥ ሰው ካለም አይምርም። የተቃጠለ ነገር ግን አልነበረም። ጋዙን በእጅ የሚለቀው ቁልፍ ከበሩ ውጭ፣ በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ነው።

«በሩን ማን ከፈተው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው ጥበቃ። «በተራ ካርድ እምቢ አለኝ። በዋናው ካርድ ነው የከፈትኩት።»

«እምቢ የሚለው መቼ ነው?»

«ከውጭ በዋናው ካርድ ሁለት ጊዜ ሲቆለፍ። እንደዚያ ከተቆለፈ ከውስጥም አይከፈትም።» ይህን ብለው ያሉት ነገር ምን ማለት እንደሆነ ገባቸውና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

ሟቹን በመሥሪያ ቤቱ ሁሉም «ወንፊት» ነበር የሚለው። ሥራው ሌሎች የጻፉትን ፕሮግራም መፈተን ነው፤ ቅንጣት ስህተት አያልፈውም። መሥሪያ ቤቱ የሚሸጠው ጠባቂ ፕሮግራም ነው። በር ሲከፈት፣ ካሜራ እንቅስቃሴ ሲያይ፣ የሆስፒታል ደወል ሲጫን፣ እያንዳንዱን መዝግቦ ለሚመለከተው ያደርሳል። ሕንፃው ራሱ የሚጠበቀው በዚያው ፕሮግራም ነው።

ቀኑ የዕረፍት ቀን በመሆኑ ከሟቹ ሌላ በሕንፃው የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ጥበቃው፣ ሥራ አስኪያጇና ፕሮግራሙን የጻፈው ወጣት፣ የሟቹ ሚስት ታናሽ ወንድም። ሦስቱም በስብሰባ አዳራሹ ተራርቀው ተቀምጠዋል። ዓይን ለዓይን አይተያዩም። ሥራ አስኪያጇ ወደ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ ተነሥታ የኮሪደሩን ጨለምለም ማለት ስታይ ተመልሳ ተቀመጠች።

መርማሪዋ መጀመሪያ እሷን በቢሮዋ አነጋገረች።

«መዝገቡ ይኸውልዎት» አለች ሥራ አስኪያጇ ስክሪኑን እያዞረች። «ወንፊት ገባ። ከእሱ በኋላ ወደዚያ በር የቀረበ ሰው የለም። የጋዙ መሣሪያ ተበላሽቶ በራሱ ነው የለቀቀው። ማሽን ምን ብሎ ይዋሻል?»

«በሩ ግን ከውጭ በዋና ካርድ ተቆልፏል። ካርዱ ያለው ማን ጋ ነው?»

ሴትዮዋ ቀለበቷን ከጣቷ ታወጣለች፣ ትመልሳለች።

«እኔ ጋና ጥበቃው ጋ» አለች በመጨረሻ። «እውነቱን ለመናገር በሰው ላይ ጣት መቀሰር አልወድም። ግን እዚሁ ወንበር ላይ ሆኜ ጥበቃውን በስክሪኑ አይቻቸዋለሁ። ኮታቸውን ራሳቸው ላይ ደፍተው በኮሪደሩ ወደ ሰርቨር ክፍሉ ሲሄዱ ነበር። ትንሽ ቆይቶ የጋዙ ፉጨት ተሰማ።»

«እርስዎ ከዚህ ቢሮ ወጥተው ነበር?»

«ኧረ ንቅንቅ አላልኩም።»

ጥበቃው ስለ ኮቱ ሲጠየቁ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«አዎ፣ ደፍቼ ነበር። ዝናቡ ሲበረታ የኮሪደሩ ጣሪያ ያፈሳል። ባልዲ ላመጣ በክፍሉ ፊት አለፍኩ። ግን ማን ነገረሽ? ነፍስ የሚባል አላየሁም!» እጇን ያዙ። «ልጆቼን ይንሳኝ፣ በዚያ ልጅ ላይ እጄን አላነሣሁም! ከእኔ በቀር ካርድ ያለው እሷ ናት፤ እሷ ደግሞ የተማረች ትልቅ ሰው ናት። ማን ያምነኛል?»

«ወንፊት ውስጥ ምን እየሠራ እንደነበር ያውቁ ነበር?»

«እኔ ምኑን አውቄው ልጄ! ማሽን ይነካካል፣ ያው እንደ ሁልጊዜው።»

ፕሮግራመሩን ደረጃው ላይ አገኘችው። ስልኩ ጭኑ ላይ ይጮኻል።

«እህቴ ናት» አለ። «ለምሳ ይመጣል ብላ እየጠበቀችው ነው። ምን ብዬ ላንሣው?»

መርማሪዋ አጠገቡ ቁጭ አለች። ስልኩ እስኪያቆም ጠበቀች።

«ሰሞኑን ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«በእኔ ፕሮግራም ምክንያት። አንድ ሆስፒታል ውስጥ ሕፃን ሞተ። እናቱ የጥሪ ደወል ተጭኜ ነበር አለች፤ መዝገቡ ላይ ግን ደወል የለም። ነርሷ ‹ደወሉን ሰምታ ዝም ብላ፣ መዝገቡንም አጥፍታለች› ተብላ ታሰረች። ወንፊት ‹ደወሉ ተጭኗል፤ የዋጠው የአንተ ቋት ነው› አለኝ። ሰደብኩት።»

«ቋት ስትል?»

«የኮምፒውተሩ እምብርት፣ ከርነል የምንለው፣ የሚሆነውን ሁሉ ቋት ውስጥ ይጥላል። የእኔ ፕሮግራም እየቀዳ ያነባል። የሚጥለው ከሚያነበው ከፈጠነ ቋቱ ይሞላል።»

«ከሞላ የቱ ይጠፋል? አሮጌው ነው አዲሱ?»

«ቀድሞ የገባው ይቀመጣል። አዲሱ ነው የሚፈሰው፤ መጥፋቱ እንኳ አይታወቅም። ወንፊት ዛሬ ክፍሉ ገብቶ አንባቢውን ሆን ብሎ ሊያዘገይ፣ ክስተት እንደ ጎርፍ ሊለቅበት ነበር። ነገ ፍርድ ቤት ሊመሰክር።» ፊቱን በመዳፎቹ ሸፈነ። «ገዳዩ በዚያ ጎርፍ መሀል ነው የገባው። እኔ የጻፍኩት ነገር ሸሸገው።»

«ካሜራውስ?»

«ምስሉም በዚያው ቋት አልፎ ነው ስክሪን ላይ የሚደርሰው።»

«ዛሬ እንደሚፈትን ማን ያውቅ ነበር?»

«እኔና ሥራ አስኪያጇ። ጠዋት የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍቶ ሲያስፈቅዳት አጠገቡ ነበርኩ። ለምናዋለች፣ ጮኻበታለች። እምቢ አላት።»

መርማሪዋ ሁሉንም በሥራ አስኪያጇ ቢሮ ሰበሰበች። ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል። ፕሮግራመሩ የወንፊትን ፈተና እንደገና እንዲያስነሣ ነገረችው፤ አንድ ፖሊስ ደግሞ ኮቱን ራሱ ላይ ደፍቶ በኮሪደሩ እንዲመላለስ ላከች። የቢሮው በር ክፍት ስለነበር የጫማው ኮቴ ቁልጭ ብሎ ይሰማል።

ስክሪኑ ላይ ኮሪደሩ ባዶ ነበር።

ኮቴው ቀረበ፣ ራቀ፣ ደግሞ ቀረበ። ምስሉ አልተነቃነቀም። ጥበቃው አማተቡ።

«ፈተናው ከተጀመረ በኋላ በዚህ ሕንፃ የተከፈተ በር፣ የተነካ ካርድ፣ የተጫነ የጋዝ ቁልፍ አይመዘገብም» አለች መርማሪዋ በዝግታ። «የወንፊት መግባት የተመዘገበው ከፈተናው በፊት ስለሆነ ነው። እንግዲህ ገዳዩ ዋና ካርድ ያለው ሰው ነው። ይህ ወጣት ካርዱ የለውም። ጋሼ ካርድ አላቸው፤ ግን ፈተናውን አያውቁም። ካርዳቸው እንደሚመዘገብባቸው የሚያምን ሰው፣ በዚያው ካርድ ነፍስ አጥፍቶ በዚያው ካርድ በሩን ከፍቶ ፖሊስ አይጠራም። ሦስተኛዋ ግን ካርዱም አላት፣ ፈተናውንም ታውቅ ነበር።»

«ግምት ነው!» አለች ሥራ አስኪያጇ።

«እስካሁን ያልኩት ግምት ነው፤ ይሄኛው ግን አይደለም። ጋሼ ኮታቸውን ደፍተው አልፈዋል፤ ራሳቸውም አልካዱም። መዝገቡ ላይ ስለሌሉ ያለፉት ፈተናው ከተጀመረ በኋላ ነው። እርስዎም አይተዋቸዋል። በዚህ ስክሪን ግን ሊያዩዋቸው አይችሉም ነበር፤ ይኸው፣ ፖሊሱን እያዩት ነው?» በጣቷ ባዶውን ኮሪደር አሳየች። «ኮቱን ያዩት በዓይንዎ ነው። ቢሮዎ ውስጥ አልነበሩም። ከጋዙ ቁልፍ አጠገብ ተደብቀው ጋሼ እስኪያልፉልዎ ይጠብቁ ነበር።»

ፕሮግራመሩ ወንበሩን ከሥራ አስኪያጇ አራቀ።

«አንድ ቀን ብቻ ነበር የለመንኩት» አለች ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሣ። «ደንበኛ የሚባል አይቀረንም ነበር። ላስፈራራው ብዬ እንጂ…»

«የሚያስፈራራ ሰው በሩን ሁለት ጊዜ አይቆልፍም።»

ሲወስዷት ጥበቃው ግድግዳውን ተደግፈው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

በማግስቱ በወንፊት ፋንታ ፍርድ ቤት የቆመው የሚስቱ ወንድም ነበር። የሆስፒታሉን ዓይነት ደወል ከኮምፒውተር ጋር አያይዞ ዳኛው ፊት አስቀመጠ። ዳኛው ሲጫኑት ጮኸ። ከዚያ ፈተናውን ለቀቀና «አሁንም ይጫኑት» አላቸው።

ተጫኑት። ደግመው ተጫኑት። ደወሉ ግን ጭጭ አለ።

ከተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ነርሷ ቀስ ብላ ተነሣች።

«ክቡር ዳኛ» አለች፤ «እኔም በዚያ ቀን የሰማሁት ይህንን ነው።»